መዳፍ ያረፈበት ሸራ

በቴአትር ቤቱ ፊቷን የሚያውቅ ተመልካች አልነበረም፤ የምትቀመጥበት ቦታ ግን ከመድረኩ ሦስት እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው። ከቀኙ መጋረጃ ጀርባ አንዲት በርጩማ አለች። እዚያ ላይ ተቀምጣ፣ የቴአትሩን ጽሑፍ ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ተዋናይ ቃል ሲጠፋው በትንፋሿ ታቀብለዋለች። ተዋናዩ ይቀጥላል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ እሷ ገጽ ትገልጣለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርታለች። የቤቱ ሰዎች «ሹክሹክታ» የሚል ስም አወጡላት። ከሥራ ውጭም ቢሆን ድምጿ ከዚያ ከፍ አይልም፤ ሻይ ስታዝ አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሰማት።

እዚህ ቤት ያስገቧት አጎቷ ናቸው። የመድረክ ሠዓሊ ናቸው፤ ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ሁሉም ሰው «ጋሼ» ይላቸዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከተዋንያኑ በስተጀርባ የሚሰቀለውን ትልቅ ሸራ የሣሉት እሳቸው ናቸው። ታዲያ ቤቱ ያለው ትልቅ ሸራ አንድ ብቻ ነው። አዲስ ቴአትር ሲመጣ ጋሼ አሮጌውን ሥዕል ነጭ ቀለም ያለብሱትና አዲሱን በላዩ ይሥላሉ። ባሕሩን ጫካ ይውጠዋል፣ ጫካውን ቤተ መንግሥት፣ ሌላውን ሌላው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ አንድ ሥዕል በአንድ ጨርቅ ላይ ተደራረበ። ድሮ ሸራውን ለመስቀል ሁለት ሰው ይበቃ ነበር፤ አሁን አራት ሰው ያቃስታል። የጋሼ የዕድሜ ልክ ሥራ ቢመዝኑት ይከብዳል፣ አሳዩን ሲባል ግን የለም።

ነገሩ ጋሼን ያንገበግባቸው የጀመረው የጡረታቸው ዓመት ሲቃረብ ነው። መታወቂያቸው ላይ፣ የሥራ መደብ ከሚለው ትይዩ፣ «ቀለም ቀቢ» ይላል። ድሮ ሲቀጠሩ ግድግዳ ከሚቀቡት ጋር አንድ ላይ ተመዝግበው፣ በዚያው ቀሩ። ግድግዳ መቀባት ነውር ኖሮት አይደለም፤ የእሳቸው ሥራ ስላልሆነ እንጂ። ሠዓሊ ለመባል ከመንገዱ ማዶ ያለው የሠዓልያን ማኅበር አባል መሆን ያስፈልጋል። ማኅበሩ ደግሞ አሥራ አምስት ሥራ አቅርብ ይላል። በመጀመሪያው ዓመት ጋሼ የማኅበሩን ጸሐፊ እጁን ይዘው አምጥተው ሸራው ፊት አቆሙት። ጸሐፊው ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ደንብ አክባሪ ሰው ነው። ግራ ቀኙን አየና፣

«ጋሼ፣ ይሄ አንድ ነው» አላቸው።

«ከሥሩ ያሉትስ?»

«ከሥሩ ያሉት አይታዩማ።»

በሁለተኛው ዓመት የሠላሳ አንዱን ቴአትር ስም ዝርዝር በቴአትር ቤቱ ማኅተም አስደግፈው ሄዱ። ደብዳቤ ሥዕል አይሆንም ተብለው ተመለሱ። ደንቡ ውስጥ ደግሞ አንዲት ክፉ አንቀጽ ነበረች፤ ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው ፋይሉ ይዘጋል፣ ዳግመኛ አያመለክትም። ጋሼ ያን ቀን ብሩሾቻቸውን እያጠቡ፣ ሦስተኛውን ማመልከቻ እንደማያስገቡ ለእህታቸው ልጅ ነገሯት። ሁለቴ ወድቆ መነሣት የአባት ነው፣ በሦስተኛው ግን በሩን ከውጭ ነው የሚቆልፉብኝ አሉ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወሩ። እጃቸው ግን ያንኑ አንድ ብሩሽ ደጋግሞ ያጥብ ነበር።

ሹክሹክታ ቀኑን ሙሉ ነገሩን ስታላምጥ ዋለች። ጉዱ፣ የጋሼን ሥዕሎች ከማንም ያነሰ ያየች እሷ መሆኗ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ ለተቀመጠ ሰው ባሕርም ሆነ ቤተ መንግሥት ያው ቡናማ ጨርቅና የእንጨት መስቀለኛ ነው። ያዩት ተመልካቾች ናቸው። ይህን ስታስብ የቤቱ ልማድ ትዝ አላት። ትርዒቱ እየታየ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ሲያልቅ ግን ደረጃው ይከፈትና የፈለገ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ከተዋንያኑ ጋር ሸራው ፊት ቆሞ ይነሣል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሰው እዚያ ቆሞ ፈገግ ብሏል። እንግዲህ የጋሼ ሥዕሎች አልጠፉም ማለት ነው። በየሰው አልበም ውስጥ፣ ከየሰው ጆሮ ጀርባ፣ ተበትነው አሉ።

በስልኳ ግሩፕ ከፈተች። «ከሸራው ፊት የቆማችሁ» አለችው። የመጀመሪያዋን መልእክት ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀባት፤ አራት መስመር ነበረች። እዚህ መድረክ ላይ ፎቶ የተነሣችሁ ሁሉ፣ የምፈልገው ከኋላችሁ ያለውን የጋሼን ሥዕል ነውና ፎቷችሁን አካፍሉኝ የምትል። ተዋንያኑ ለወዳጆቻቸው አዳረሱላት፣ ወዳጆቻቸው ለወዳጆቻቸው። በመጀመሪያው ሳምንት አርባ ሰው ገባ፣ በሁለተኛው ሁለት መቶ፣ በሦስተኛው ስድስት መቶ አሥራ ሁለት። አንድም ሰው ግን ትንፍሽ አላለም።

ሌላ ሰው ቢሆን በሁለተኛው ቀን ይጨንቀው ነበር። እሷ የአዳራሽ ሰው ናት፤ ስድስት መቶ ሰው ዝም ካለ እያዳመጠ ነው ብላ ነው የምታምነው። ጠዋት ጠዋት ትከፍታለች፣ ዝምታውን ታያለች፣ ደስ ብሏት ትዘጋለች። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ቀን መቁጠር ጀመረች። የማኅበሩ ማመልከቻ የሚዘጋው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነበር።

ነገሩን የፈታው ንጉሡ ነው። ንጉሡ ሃያ ዓመት ሙሉ ንጉሥ እየሆነ ሲተውን የኖረ ሰው ነው፤ ከዚህ የተነሣ አውቶቡስ ሲሳፈር እንኳ ቦታ እስኪለቀቅለት ቆሞ ይጠብቃል። ቃል በመርሳት ደግሞ የሚስተካከለው የለም፤ ሹክሹክታ ባትኖር ዙፋኑ ላይ አንድ ወር አይቆይም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከመዋቢያ ክፍል ፊቱን ግማሽ ተቀብቶ መጣና ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ደቀነው።

«አንቺ፣ እንግዳ ጠርተሽ አፉን ትለጉሚያለሽ እንዴ?»

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም።

«ሦስት ፎቶ አለኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልልክልሽ ስታገል ነው የከረምኩት። የሚጽፈው አድሚን ብቻ ነው ይለኛል። አድሚኗ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ያኔ ታወሳት። ግሩፑን ስትከፍት ስልኩ ማን መጻፍ ይችላል ብሎ ጠይቋት ነበር። እሷም ለአፍታ እንኳ ሳታመነታ፣ መብራት ከጠፋ ተመልካች አያወራም በሚለው የቤቱ ሕግ፣ ራሷን ብቻ መርጣ አለፈች። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ፎቶውን ይዞ አፉ ታስሮ ተቀምጦ ኖሯል። ንጉሡ ከመሳቁ የተነሣ የለጠፈው ፂም ወደቀ።

ከፈተችው። ሻይዋ ሳይቀዘቅዝ ሰባ ፎቶ ገባ።

ሙሽሮች ነበሩ፣ ጥርሳቸው የወላለቀ ልጆች ነበሩ፣ የንጉሡን ዘውድ አጥልቃ የምታለቅስ ሕፃን ነበረች። የአንዲት አክስት ባርኔጣ ግን ለብቻው ሊነገርለት ይገባል፤ በአራት ቴአትር ላይ ተገኝቶ በአራቱም የሥዕሉን መሀል ይዞ ቆሟል። የእህታቸው ልጆች ስለ ባርኔጣው ይቅርታ ጠየቁ። አንድ ሰውዬ ደግሞ የላከው ፎቶ ከመሀል ለሁለት የተቀደደ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ደረጃ አለ፣ ግንቡ የለም። «የቀረው ግማሽ እሷ ጋ ነው፤ ጠይቋት፣ እኔ አላናግራትም» ብሎ ጻፈ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ አንዲት ሴት ግንቡን ለጠፈች። «እኔም አላናግረውም፤ ለጋሼ ስል ነው» አለች። ቁራጮቹ ሲጋጠሙ ቤተ መንግሥቱ ሙሉ ሆነ፤ እነሱ ግን ያው ናቸው።

ባዶ እጅ መመለስ ነውር ነው ያለው ንጉሡ ነው። ፎቶ ያመጣ ሰው የዚያን ቴአትር አንድ ቁራጭ በምላሹ ያግኝ አለ። የድሮዎቹ ተዋንያን ተበትነዋል፤ አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንዷ ጨርቅ ትሸጣለች፣ አንዱ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆኗል። ሁሉም ቃሉን ረስቷል። የማትረሳው አንዲት ሰው ናት። ሹክሹክታ ከእሷ በፊት የነበሩትን ቴአትሮች እንኳ ከመዝገብ ቤት እያወጣች ቃላቸውን ትልክላቸዋለች፣ እነሱም ባሉበት ሆነው ይቀረጻሉ። ባለታክሲው መኪናውን ጥግ አስይዞ፣ መሪውን እንደጨበጠ፣ ወንድሙን የሚሰናበትበትን ንግግር ተናገረ። ጉልበቷ እንቢ ያላት ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ተቀምጣ የዚያን ጊዜውን ውዝዋዜ በእጆቿ ብቻ ሠራችው፤ በአንድ ቀን ሁለት ሺህ ሰው አየው። ከዚያ ወዲያ ሰው ለሰው ሲነግር ግሩፑ ዘጠኝ ሺህ ደረሰ። ቴአትር ቤቱን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ፣ የራሳቸውን ንድፍና ዜማ ይዘው የሚመጡም በዙ። ሹክሹክታ ሁሉንም ትቀበላለች፣ ቦታ ቦታ ታስይዛለች፣ አንዱን ከአንዱ ታገናኛለች። እነዚሁ ሰዎች በአካል ቢመጡባት ግን በርጩማዋ ሥር ትገባ ነበር።

ፎቶዎቹን አጋጥሞ ሥዕሎቹን ሙሉ ማድረግ የአባላቱ ሥራ ሆነ። የጫካው ግራ ጎን ከአንዱ ሠርግ፣ ቀኙ ከሌላው ልደት ይመጣል። እንዲህ ሲሠሩ፣ ያቺ ተወዛዋዥ አንድ ነገር አስተዋለች። በጫካው ውስጥ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር፣ መዳፍ የምታክል ሰማያዊ ስፍራ አለች። እዚህ ሰማያዊ ምን ይሠራል ብላ ጠየቀች። አንዱ የእኔ ባሕር ላይም ከማዕበሉ መሀል ቀይ ጡብ አለ አለ። ሌላዋ በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቅጠል አገኘች። ሁሉም ፎቶውን እያጎላ መፈለግ ጀመረ። እውነትም በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ፣ ቦታዋ ይለያይ እንጂ፣ መዳፍ የምታክል ያልተቀባች ስፍራ ትገኛለች፤ በእሷ በኩል ከሥር ያለው የቀድሞው ሥዕል አጮልቆ ያያል። ጫካው የባሕሩን ቁራጭ ይዟል፣ ቤተ መንግሥቱ የጫካውን። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ሁለቱ ተሟሉ፤ የትኛው ከየትኛው በኋላ እንደተሣለም እነዚያ ስፍራዎች መሰከሩ።

ጋሼ እስከዚያ ቀን የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ሹክሹክታ ሥዕሎቹን አሳትማ የጋሼ ሥራ ክፍል ወለል ላይ በየተራቸው ደረደረቻቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና በመሀል በመሀላቸው እየረገጡ ሄዱ፣ ተመለሱ። ይሄ ደመና ስንፍና ነው አሉ። ይቺን በር ያኔ ጠልቻት ነበር፣ ደህና ነገር ነች ለካ አሉ። ባሕሩ ጋ ሲደርሱ ቁጭ አሉ። እሷም መዳፍ የምታክለውን ስፍራ በጣቷ አሳየቻቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«አገኛችሁብኝ?»

አንድ አዘጋጅ ድሮ በዚህችው ነገር ሰው መሀል ሰድቧቸው ነበር፤ ግዴለሽ ቀቢ ብሎ። ጋሼ ቀስ ብለው አስረዷት። ሸራው ሰፊ ነው፣ ይረግባል፤ ግራ እጅ ካላረፈበት ቀኙ አይታዘዝም። ነጩ ተቀብቶ ሲያልቅ ግራ እጅ መጨረሻ ያረፈበት ቦታ ሳይቀባ ይቀራል፤ አዲሱ ሥዕልም አይነካውም።

«መሸፈኑ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር» አሉ። «ግን የገዛ ሥራዬን አንዲት ሳላስቀር ሙልጭ አድርጌ ማጥፋት … አሳፈረኝ።»

ሹክሹክታ አንድ ነገር ተናገረች። ጋሼ እንደ ሁሉም ሰው ጎንበስ አሉ።

«ምን አልሽ?»

«ማመልከቻው ይግባ ነው የምልዎት።»

ገባ።

በውሳኔው ጠዋት የማኅበሩ ስብሰባ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ድንጋይ ቀራፂ ናቸው፤ የጨበጡት እጅ እስከ ማግስቱ አይረሳቸውም። ስለ ጋሼ እንዲናገር የተመረጠው ድምፅ ያለው ንጉሡ ነው። ሹክሹክታ ሁለት ገጽ ጽፋለት ሳምንት ሙሉ አስጠንታዋለች። ራሷ በሩ አጠገብ፣ ከትከሻው ኋላ፣ ቅጂውን ይዛ ቆመች። ጋሼ ከግድግዳው ጥግ ወንበር ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

ንጉሡ በደንብ ጀመረ። ጸሐፊው ግን በመሀል እጁን አወጣ። ክፋት አልነበረበትም፤ ደንቡ እንዲጠየቅ ያዘዋል። ማንም ሰው ፎቶ ቀጣጥሎ ማቅረብ ይችላል፣ የእኚህ ሰው ሥራ ለመሆኑ ማስረጃችሁ ምንድን ነው አለ።

«ፎቶ ሸራውን ያሳያል እንጂ የሠራውን እጅ አያሳይም።»

ንጉሡ አፉን ከፈተ። ዘጋው። ሁለቱም ገጽ ከራሱ ላይ እንደ ወፍ በረረ። ከኋላው ትንፋሽ የመሰለ ነገር ተሰማ፤ እሱም ክፍሉ ሁሉ እየሰማ ዞሮ «ምን?» አለ።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከኋላ የምታወራው ማናት? ወደ ፊት ትምጣ።»

ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ሦስት እርምጃ ነበር። ሹክሹክታ ጋሼን አየቻቸው። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ይዘው ወለሉን ያያሉ፤ ከዚህ በኋላ አራተኛ የለም። ሦስቱን እርምጃ ተራመደች።

«እጁንም ያሳያል» አለች።

ጎንበስ ያለ ሰው አልነበረም። ድምጿ ግድግዳው ዘንድ ደርሶ ተመለሰ፤ መጀመሪያ የደነገጠች ራሷ ናት። ከዚያ ወዲያ ግን አልቆመችም። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች ሳይቀቡ የቀሩትን ስፍራዎች አሳየች፣ ሸራው ለምን እንደሚረግብ፣ ግራ እጅ ለምን እንደሚያርፍ ተናገረች። ወረቀቷን አንድም ጊዜ አላየችም። እየተናገረች ሳለ ጥበቃው በሩን ገፋ አድርጎ፣ ይቅርታ፣ ኮሪደሩ ሞልቶ ሰልፉ መንገድ ላይ ወጥቷል፣ ምን ልበላቸው ብሎ ጠየቀ። የግሩፑ ሰዎች ናቸው። የፎቶውን ዋና ቅጂ በእጃቸው ይዘው፣ ሳይጠሩ መጥተዋል። ባለታክሲው አለ፣ ተወዛዋዧ ምርኩዟን ይዛ አለች፣ አክስቲቱ ከነባርኔጣቸው አሉ። ሁለቱ የማይነጋገሩት ሰዎች ከሰልፉ ጫፍና ጫፍ ግማሽ ግማሻቸውን ይዘው ቆመዋል።

ሰብሳቢዋ ብድግ አሉ። እንሂድና እንየው አሉ።

መንገዱን ሁሉም አንድ ላይ ተሻገሩ፤ አንድ አውቶቡስ ቆሞ አሳለፋቸው፣ ንጉሡም ለሾፌሩ እጁን እንደ ዙፋን ሰው አነሣ። መድረኩ ላይ በዚያ ሰሞን የተሰቀለው ሥዕል የባቡር ጣቢያ ነው። ከፎቶዎቹ የመጨረሻው ደግሞ ከጣቢያው በፊት የነበረው የእስር ቤት ግድግዳ ነው። ከጣቢያው አግዳሚ ወንበር ጎን ያቺ ስፍራ ተገኘች፤ ግራጫ ድንጋይ ታሳያለች፣ ድንጋዩም በፎቶው ላይ እንዳለው አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ነው። ሰብሳቢዋ ጋሼን ግራ እጃቸውን እንዲያሳርፉበት ለመኗቸው።

«እንደ ሌባ አሻራ ልስጥ እንዴ?» አሉ ጋሼ። ግን አሳረፉ።

መዳፉ ልክ ገባ። ትንሿ ጣት ድሮ ተሰብራ ትንሽ ተንጋዳለች፤ ስፍራዋም እዚያው ጋ ተንጋዳለች። ጸሐፊው ወደ ሸራው ተጠጋ፣ እጁን አየ፣ የያዘውን ፎቶ አየ፣ እንደ መጀመሪያው ዓመት ግራ ቀኙን አየ።

«ጋሼ፣» አለ፣ «ይሄ አንድ አይደለም።»

አምስቱም እጅ እዚያው መድረክ ላይ ወጣ። ቀጥሎ የሆነውን ጭብጨባ የቤቱ ሰዎች እስከ ዛሬ ያወራሉ፤ ሹክሹክታ ግን ከፊት ሆና የሰማችው የመጀመሪያ ጭብጨባ ስለነበር የምታወዳድረው አልነበራትም። ጋሼ ኮፍያቸውን አደረጉት፣ አወለቁት፣ እንደገና አደረጉት። በሳምንቱ የመጣው መታወቂያ «ሠዓሊ» ይላል። የቴአትር ቤቱ ጥበቃ በደንብ ያውቃቸዋል፤ እሳቸው ግን አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት መታወቂያውን ሳያስነብቡት አልገቡም።

አዲስ ቴአትር መጣ። ሰብሳቢዋ ሸራው ከእንግዲህ እንዳይነካ፣ በማኅበሩ አዳራሽ ይቀመጥ ብለው ነበር። ጋሼ አመሰገኑና እንቢ አሉ፤ ሸራ ሥራ ላይ እያለ ጡረታ አይወጣም፣ የምወጣው እኔ ነኝ፣ እሱም ይሄን ከጨረስኩ በኋላ ነው አሉ። ሰኞ ረፋዱ ላይ ነጩን ቀለም በጠበጡ። ሹክሹክታ ስልኳን መሰላል ላይ አስራ ለግሩፑ የቀጥታ ሥርጭት ከፈተች። ጋሼ ሸራው ላይ ሲሠሩ ከፊት ለፊት ቆማ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ጋሼ ብሩሹን እንደያዙ ዞር አሉ።

«ስንት ናቸው?»

«አራት ሺህ ሦስት መቶ።»

«ምን ይላሉ?»

ጣቢያው አያሳዝንዎትም ወይ የሚሉ እንዳሉ ነገረቻቸው። ጋሼ ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያው ግራ እጄን የት እንደማሳርፍ እነሱ ይንገሩኝ። ጠይቂያቸው።»

አልጻፈችውም። ወደ ስልኩ ዞራ በድምጿ ጠየቀቻቸው፤ አዳራሹ ባዶ ስለነበር እስከ ኋለኛው ረድፍ ተሰማ። መልሱ እንደ ዝናብ ወረደ። ሰዓቱ ላይ ያለ አለ፣ ሐዲዱ ላይ ያለ አለ፣ ሁለቱ የማይነጋገሩት ሰዎች ሳይመካከሩ አግዳሚው ወንበር ላይ አሉ። አክስቲቱ ደግሞ ከሁሉም ዘግይተው፣ መሀሉ ላይ ይሁንልኝ፣ እኔ ስሸፍነው የኖርኩት እሱን ነው ብለው ጻፉ።

ጋሼ ሳቁ። ግራ መዳፋቸውን ከጣቢያው ሰዓት በታች፣ ልክ መሀሉ ላይ አሳረፉና ብሩሹን ነጩ ቀለም ውስጥ ነከሩ።